ዝም የሚያሰኝ ኪኒን

ላስታ ውስጥ በሥነ አእምሮ ነርስነት ለሚሠራ ሰው፣ ልጅ ይዞ የሚመጣ አሳዳጊ የሚያቀርብለት ልመና አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ዝም የሚያሰኘው ነገር ስጡልኝ።» ቃሉ ይለያይ ይሆናል። አንዱ «የሚያስተኛው» ይላል፣ ሌላዋ «ልብ የሚሰጠው» ትላለች፣ አስተማሪው ደግሞ «የሚያረጋጋው» ብሎ በወረቀት ጽፎ ይልካል። ልጁ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን እያወዛወዘ ይሰማል። ይህን ሁሉ ስለ እርሱ ሲያወሩ እርሱን የሚጠይቀው የለም።

ስለ ሕፃናት የአእምሮ ሕክምና በአገራችን ሲነሣ ቶሎ የሚጠቀሰው እጥረቱ ነው። ባለሙያው ጥቂት ነው፤ በሕፃናት ላይ የሠለጠነው ከዚያም ያነሰ ነው። ከላሊበላ የተነሣ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ሐኪም ፍለጋ ደሴ፣ ባሕር ዳር፣ አልፎም አዲስ አበባ ይደርሳል። ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ ከእጥረቱ ጋር አብሮ የሚሄድ ሌላ ችግር አለ፦ ያለው ጥቂት መድኃኒት ለማይመለከተው ልጅ ይሰጣል። ምርጫ ሲጠፋ በእጅ ያለው አንድ ኪኒን የሁሉ ነገር መልስ ይሆናል። በሥራው በቆየሁ ቁጥር ለሕፃን የምጽፈው ማዘዣ እያነሰ እንጂ እየበዛ አልሄደም። ምክንያቱን ላስረዳ።

በእጅ ያለው ኪኒን ፌኖባርቢታል ነው። ጀርመናዊው ሐኪም አልፍሬድ ሃውፕትማን የሚጥል በሽታን እንደሚያስታግስ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው፤ ከመቶ ዓመት በኋላም በገጠር ጤና ጣቢያ መደርደሪያ ላይ የሚገኘው እርሱ ነው። ርካሽ ነው፣ በቀን አንድ ጊዜ ይወሰዳል፣ መውደቁንም በእርግጥ ይይዛል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ባካሄዱት ጥናት ከ1,000 ሰው ውስጥ 5.2 የሚሆነው የሚጥል በሽታ እንዳለበት አግኝተው ነበር። ያን ያህል ሕዝብ በውድ መድኃኒት እናክም ቢባል የሚሆን አይደለም። እሳት ላይ ወድቆ ፊቱ የተቃጠለ ልጅ ያየ ሰው ፌኖባርቢታልን አያንኳስስም።

ነገር ግን ይህ መድኃኒት ልጆች ላይ የሚያመጣው ጠባይ አለ። አዋቂውን ያፈዛል፣ ያስተኛል፤ ከልጆች መካከል ጥቂት የማይባሉትን ግን በተቃራኒው ያቅበጠብጣል። ልጁ ቁጭ ማለት ያቅተዋል፣ በትንሽ በትልቁ ይቆጣል፣ እንቅልፉ ይዛባል፣ የተማረው አልያዝለት ይላል። እናቱ በቀጠሮው ትመጣና «መውደቁንስ ተወ፣ ምን ዋጋ አለው፣ ሌላ ጋኔን ገባበት» ትላለች። እዚህ ላይ ነው መንገዱ የሚከፈለው። አንዱ ባለሙያ ካርዱ ላይ «የጠባይ ችግር» ብሎ ይጽፍና ሁለተኛ መድኃኒት ይጨምራል፤ ክሎርፕሮማዚን ወይም ዳያዜፓም ይሆናል። ሁለተኛው ሲያፈዘው አስተማሪው «ሰነፈ» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ ወዲያ ያን ልጅ ማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አይኖርም፤ የሚያውቁት ኪኒኖቹን ነው።

ሌላው መንገድ አሰልቺ ነው፤ ልጁን ሚዛን ላይ ማቆም። 15 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ የፌኖባርቢታል መነሻ በቀን ከ30 እስከ 45 ሚሊ ግራም ነው፤ ትልቁ ልክ ደግሞ 90። አንድ ሙሉ ባለ 100 ሚሊ ግራም ኪኒን ከዚያ ያልፋል። ኪኒን በቢላ ለሁለት፣ ለአራት መክፈል በየቤቱ የሚሠራ ሥራ ነው፤ አያት ዓይናቸው ሲደክም «ለምን እከፋፍለዋለሁ፣ ይዋጠው» ይላሉ። ስለዚህ ልጁ ተቅበጠበጠ ሲባል መጀመሪያ የምጠይቀው ማን ነው ኪኒኑን የሚከፍለው፣ በምን ነው የሚከፍለው፣ የተረፈው ግማሽ የት ይቀመጣል የሚለውን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአጠቃላይ ሐኪምና ለነርስ ያዘጋጀው መመሪያ፣ እኛ ኤምኤችጋፕ የምንለው፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ወይም የጠባይ ችግር ላለበት ልጅ ከተቻለ ፌኖባርቢታልን ትቶ ካርባማዜፒን ወይም ቫልፕሮኤት መምረጥን ይመክራል። «ከተቻለ» የምትለው ላስታ ላይ ብዙ ትሸከማለች፤ ወደ እርሷ እመለሳለሁ።

የሃሎፔሪዶል ነገር ከዚህ ይብሳል። ለከባድ የአእምሮ ሕመም ጥሩ መድኃኒት ነው። ለሚሳደብና ድንጋይ ለሚወረውር የ10 ዓመት ልጅ ሲሰጥ ግን ያየሁትን ልናገር። በተጀመረ በሰዓታት ወይም በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ የልጁ አንገት ወደ አንድ ጎን ይጠመዘዛል፣ ዓይኑ ወደ ላይ ይሰቀላል፣ ምላሱ አልገባ ይላል፣ መንጋጋው ይቆለፋል። ይህ የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ነው፤ ሕፃናትንና ወጣት ወንዶችን አብልጦ ይይዛል። ፕሮሜታዚን በመርፌ ሲሰጥ ብዙውን ጊዜ ሰዓት ሳይሞላ ይለቃል። ቤተሰቡ ግን ይህን ማን ነግሮት? አንገቱ የዞረ፣ ዓይኑ የተገለበጠ ልጅ ሲያዩ የሚያውቁት አንድ ነገር ነው፤ «ያዘው» ይላሉ። ልጁን ተሸክመው ወደ ጠበል ይሮጣሉ፤ ኪኒኑን ይተዋሉ፤ በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን አንገቱ ይመለሳል። መንፈሱ ተከሰሰ፣ ጠበሉ ተመሰገነ፣ መድኃኒቱ ግን ሳይጠየቅ አመለጠ። ልጁም ከዚያ ቀን ጀምሮ በመንደሩ «ያለበት» ተብሎ ይቀራል። ለሕፃን ሃሎፔሪዶል የሚጽፍ ሰው ይህን ለእናቲቱ በቃል ሳይነግርና ቢሆን የት እንደምትመጣ ሳያሳይ ብዕሩን ማንሣት የለበትም፤ በዚህ ነገር ለመደራደር ፈቃደኛ አይደለሁም።

ወላጆቹስ? ርእሱ የመድኃኒት ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር።

ሰሜን ወሎ ልጁን ለአያት ጥሎ የሚሄድ አገር ሆኗል። እናት በጅቡቲና በየመን አድርጋ ሳዑዲ ትገባለች፤ አባት ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወይም ሑመራ ይወርዳል። ላሊበላ ከተማ ውስጥ ደግሞ ኑሮው የእንግዳ ነበር። አስጎብኚው፣ የሆቴል አስተናጋጁ፣ ባለ በቅሎው፣ መስቀል ቀርጾ የሚሸጠው ሁሉ ከኮሮና ወዲህ ሥራ ፈታ። ከዚያም ከተማዋ በሐምሌ 2013 መጨረሻ በሕወሓት ኃይሎች ተያዘች፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር መብራቱም፣ ስልኩም፣ ባንኩም ተቋርጦ ነበር። ያ አለፈ ሲባል ከነሐሴ 2015 ወዲህ ሌላ ውጊያ መጣ። ከተማዋ በተያዘችበት ጊዜ ሁለትና ሦስት ዓመት የነበረው ሕፃን ዛሬ ተማሪ ነው። አስተማሪው «አይረጋም» የሚለው ልጅ በር በኃይል ሲዘጋ ከወንበሩ የሚዘል፣ ሌሊት የሚያሸና፣ እናቱ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ የሚያለቅስ ልጅ ነው። ይህን ፍርሃት ብዬ እጽፈዋለሁ። መቅበጥበጥ ብዬ ከጻፍኩት የሚከተለው ሌላ ነው።

ቸልታ የምንለው ታዲያ የትኛው ነው? ልጇን ለማብላት የተሰደደችውን እናት ቸልተኛ የሚል ሰው ላስታን አያውቅም። ሰው ሁሉ እንደሚያወራው ንጉሥ ነአኩቶ ለአብ ራሱ ያደገው በአጎቱ በቅዱስ ላሊበላ ቤት ነው፤ የወንድም ልጅ ማሳደግ እዚህ አገር ነውርም ብርቅም አይደለም። አያት፣ አክስት፣ የክርስትና እናት ልጅ ያሳድጋሉ፤ ጥሩ አድርገውም ያሳድጋሉ። በሌላ በኩል እናትም አባትም ቤት እያሉ የተጣለ ልጅ አለ። አባት ከጠላ ቤት ወደ አረቄ ቤት ይውላል፤ እናት በሐዘን ተይዛ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች፤ ልጁ ሲያስቸግር ደግሞ ይገረፋል፣ ይታሰራል፣ በርበሬ ይታጠናል። በርበሬ የታጠነ ልጅ ወደ እኔ የሚመጣው «ሳል አልለቀው አለ» ተብሎ ሳይሆን «ጠባዩ ከፋ» ተብሎ ነው። እንዲህ ላለ ቤት ለልጁ ኪኒን ጽፎ መስጠት ከገራፊው ጋር መተባበር ነው። ቃሉ ከበደ የሚለኝ ባልደረባ አለ። ይክበድ።

እንግዲህ ሥራው መጠየቅ ነው። የማምነው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ትናንት ከነቃ እስከ ተኛ ምን ዋለ?» ስለ በሽታው አልጠይቅም። ስንት ሰዓት ነቃ፣ ማን ቀሰቀሰው፣ ምን በላ፣ ከማን ጋር በላ፣ ከብት አገደ ወይስ ትምህርት ቤት ሄደ፣ ምሳውስ? ብዙውን ጊዜ ወሬው ስድስት ሰዓት ላይ ይቆማል። አሳዳጊው ከዚያ በኋላ ልጁ የት እንደዋለ አያውቅም፤ ማታ ሲመጣ ብቻ ያውቃል። አንዳንዴ «ምን አውቄለት፣ እንደ ወፍ ነው» ይላሉ፤ እኔ ግን የፈለግሁትን አግኝቻለሁ። ያ ባዶ ግማሽ ቀን ላቦራቶሪ የማያወጣው ውጤት ነው። ከዚያ ልጁን ለብቻው እጠይቀዋለሁ፤ እርሱ ያን ግማሽ ቀን ያውቀዋል። ኳስ የሚጫወትበትን፣ ጫማ የሚጠርግበትን፣ ከእነማን ጋር እንደሚጣላ፣ አንዳንዴም ማን እንደሚነካው ይናገራል። የመጨረሻውን ለመናገር ግን ከአንድ ቀጠሮ በላይ ይፈልጋል።

ጥያቄው ሲያልቅ ገላውን አያለሁ። ላስታ ውስጥ «እንቢተኛ» ከሚባሉት ልጆች መካከል ጆሯቸው የማይሰማ አሉ። መግል የሚወጣው ጆሮ ሳይታከም ዓመት ከርሞ ታምቡሩ ተበስቷል፤ አስተማሪው ሲጠራው ዝም ይላል፣ ዝም ሲል ይመታል፣ ሲመታ ይሳደባል። ከጀርባው ቆሞ በለሆሳስ ስሙን መጥራት ምንም መሣሪያ አይፈልግም። የዓይኑን ታችኛ ቆብ ገልጦ የደም ማነስ ማየትም እንዲሁ። በክፍል ውስጥ በቀን ስንት ጊዜ ለጥቂት ሰከንድ ፍዝዝ ብሎ የሚመለስ ልጅ ሰነፍ ሳይሆን ሌላ ዓይነት የሚጥል በሽታ ያለበት ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ደግሞ ኪኒን ያስፈልገዋል፤ ሳይውል ሳያድር።

አጠያየቅ ቁጥርንም ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የአምቦ አካባቢ ጥናት ለወላጆች በቀረበ አጭር መጠይቅ ከልጆቹ 17.7 በመቶው የጠባይ ችግር እንዳለባቸው አገኘ። ከሁለት ዓመት በኋላ የታተመው የቡታጅራ ጥናት ደግሞ ረዘም ባለ ቃለ መጠይቅ መርምሮ 3.5 በመቶ ብቻ አገኘ። ቦታው ይለያያል፣ ዘዴው ይለያያል፤ አንዱን ሐሰት ሌላውን እውነት ማለት አይቻልም። ግን ማዘዣ ፊቱ ላለ ሰው ልዩነቱ ትርጉም አለው። «ያስቸግራል ወይ?» ተብሎ ለተጠየቀ ወላጅ መልሱ «አዎ» ነው፤ የማያስቸግር ልጅ ማን ወለደ?

ገንዘብና ሐኪም ሞልቶ በተረፈበት አገርም ነገሩ ከዚህ ሩቅ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 ከ3 እስከ 17 ዓመት ካሉት ልጆች 11.4 በመቶው፣ ሰባት ሚሊዮን ያህል ማለት ነው፣ በሆነ ጊዜ ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር አለባቸው ተብለው ነበር፤ ችግሩ አሁንም አለባቸው ከተባሉት ከግማሽ የሚበልጡት መድኃኒት ይወስዱ ነበር። መድኃኒቱ በትክክል ለተመረመረ ልጅ ይሠራል፤ ይህን የሚክድ ሰው የሕክምና ሰው አይደለም። ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ዘመዶች ስልክ ደውለው «ትምህርት ቤቱ ኪኒን ይጀምር አለን፣ ልጃችንን ሊያደነዝዙት ነው» ሲሉኝ ምርመራው እንዴት እንደተካሄደ እጠይቃለሁ እንጂ «አትስጡት» አልልም። እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ቁጥር ነው። የአሜሪካ መንግሥት ተጠያቂነት መሥሪያ ቤት በታኅሣሥ 2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ፣ በመረመራቸው አምስት ግዛቶች ከወላጅ ተወስደው በመንግሥት ጥበቃ ሥር በማደጎ ቤት ያሉ ልጆች፣ በዚያው የመንግሥት ጤና ዋስትና ከሚታከሙት ሌሎች ልጆች ይልቅ ከ2.7 እስከ 4.5 እጥፍ የአእምሮ መድኃኒት ታዞላቸዋል። ዘገባው ልዩነቱ ብቻውን ጥፋት ነው አላለም፤ እነዚህ ልጆች የደረሰባቸው ብዙ ነው። ነገር ግን አምስትና ከዚያ በላይ መድኃኒት በአንድ ላይ የሚወስዱ ልጆች ነበሩበት። ወላጅ ያጣው ልጅ ኪኒን አብዝቶ አገኘ። ሪያድ ካለች እናትና ወገቧ ከማይቀና አያት መካከል የወደቀውን የላስታ ልጅ ከዚያ ልጅ የሚለየው የመድኃኒቱ ዓይነት ነው።

ወደ ጠበሉ ልመለስ፤ ያለ እርሱ እዚህ አገር የአእምሮ ሕክምና የለም። ከላሊበላ ወጣ ብሎ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው በኩል ያለው የነአኩቶ ለአብ ገዳም በዋሻ ውስጥ ነው፤ ከጣራው ድንጋይ የሚንጠባጠበው ውኃ በጥንት የድንጋይ ገበታዎች ይጠራቀማል፣ ለጠበልም ይሰጣል። በኅዳር 3 በዓሉ ሰሞን ቀጠሮዬ ይሳሳል። አልቆጣም። የምፈራው አንድ ነገር ነው፦ «ጠበል ላይ ኪኒን አይዋጥም» የሚለውን። ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ መናድ መናድን እየተከተለ ልጅ ሊሞት ይችላል። በጦርነቱ ወራት መድኃኒት ሲጠፋ ይህን አይተናል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ይወሰዱ ማለታቸው እስከ ዛሬ ይረዳኛል፤ ለካህናቱ ያንን አስታውሼ «ማታ ጾም ከተፈታ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ነው» ስላቸው አብዛኞቹ ይስማማሉ።

ደግሞም ከጠበል የሚመለሱ ልጆች ብዙ ጊዜ ተሽሏቸው ነው የሚመለሱት። የጠበሉን ኃይል መለካት የእኔ ሥራ አይደለም። የማየው ግን አለ፦ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት እናት ወይም አያት ከልጁ ሳትለይ ውላለች፣ አጠገቡ ተኝታለች፣ እጁን ይዛ ወርዳለች፣ ወጥታለች፣ የበላውን ቆጥራለች። ስለዚህ ሲመለሱ «ምን ምን አደረጋችሁ?» ብዬ በዝርዝር እጠይቅና ከዚያ ውስጥ ቤት ሊቀጥል የሚችለውን እመርጣለሁ። ድንጋይ እየወረወረ ያስቸገረ ልጅ ለሚያሳድጉ አንዲት አያት እንዲህ አልኳቸው፦ «እማማ፣ ማታ ማታ ኪኒኑን ሲሰጡት አብረው ራት ይብሉ፤ ሳይቆጡት አንድ ነገር ያጫውቱት።» «የኔ ጌታ፣ ይኼማ መድኃኒት አይደል» አሉኝ። ካርዱ ላይ እንደ ማዘዣ ጻፍኩላቸው፤ በቀን አንድ ጊዜ፣ ማታ፣ ብዬ። ሳዑዲ ያለችው የልጁ እናትም በፈለገችው ሰዓት መደወሏን ትታ ዘወትር እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በኢሞ እንድትደውል ተስማማን፤ ልጁ ቀኑን መጠበቅ ጀመረ። ጠባዩ በአንድ ጊዜ አልተለወጠም፤ ድንጋይ መወርወሩ ግን ቀነሰ።

አሁን «ከተቻለ» ወዳለው መመሪያ። ፌኖባርቢታል ያቅበጠበጠውን ልጅ ወደ ካርባማዜፒን ማዛወር ወራት የሚፈጅ ሥራ ነው፤ አንዱ ቀስ እያለ ሲወጣ ሌላው ቀስ እያለ ይገባል። መሀል ላይ ካርባማዜፒኑ ከፋርማሲ ከጠፋ፣ ወይም መንገድ ተዘግቶ አሳዳጊው መምጣት ካቃተው፣ ልጁ ሁለቱንም አጥቶ ይወድቃል። ስለዚህ ማዛወር የምጀምረው የሦስት ወር መድኃኒት በእጅ ሲኖር ብቻ ነው። ከሌለ ፌኖባርቢታሉን ወደ ሚዛኑ ልክ አወርደዋለሁ፣ ማታ እንዲሰጥ አደርጋለሁ፣ ሁለተኛ ኪኒን ተጨምሮበት ከሆነ ያንን ቀስ በቀስ አወጣለሁ። ለአስተማሪውም ደብዳቤ እጽፋለሁ፦ ይህ ልጅ የሚቅበጠበጠው ከሚወስደው መድኃኒት የተነሣ ነው፣ መድኃኒቱም ለሕይወቱ ያስፈልገዋል፣ በየመሀሉ ተነሥቶ ጥቁር ሰሌዳ እንዲያጠፋ፣ ውኃ እንዲያመላልስ ይፈቀድለት። አንዳንዱ አስተማሪ ይፈጽማል። ስልሳ ልጅ በአንድ ክፍል የያዘው ደግሞ ደብዳቤውን አንብቦ ኪሱ ይከተዋል፤ በእርሱም አልፈርድበትም፣ በሚቀጥለው ወር ግን ሌላ ደብዳቤ እልክበታለሁ።